መባዬን ይዤ መሠዊያው ፊት ስቆም እህቴ ትዝ አለችኝ

ሁለተኛዋ ልጅ — ዓርብ፣ ከምሽቱ 2፡40

ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ ብዙ ጊዜ አነባለሁ እንጂ አልጽፍም። ዛሬ ግን ሳልጽፍ መተኛት አልቻልኩም።

የዐቢይ ጾም የመጀመሪያው ሳምንት ዓርብ ነው። በካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን የላቲን ሥርዓት የዛሬው ወንጌል ማቴዎስ 5፡20-26 ነው። በየዓመቱ በዚህ ቀን ይነበባል። ስንት ጊዜ ሰምቼው እንዳለፍኩ እግዚአብሔር ይወቅ። ዛሬ ቅዳሴው ሊጀመር ሲል አንዲት እናት መጡና «ልጄ፣ ኅብስቱን አንቺ ታቀርቢልናለሽ?» አሉኝ። እሺ አልኩ። ከዚያ ወንጌሉ ተነበበ።

«እንግዲህ መባህን በመሠዊያው ላይ ብታቀርብ፥ በዚያም ወንድምህ አንዳች በአንተ ላይ እንዳለው ብታስብ፥ በዚያ በመሠዊያው ፊት መባህን ትተህ ሂድ፥ አስቀድመህም ከወንድምህ ጋር ታረቅ።»

ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ ኅብስቱን ይዤ ወደ መሠዊያው እየሄድኩ ነበር። ዕቃው ቀላል ነው። እጄ ግን ተንቀጠቀጠ። ኅብስቶቹ ውስጡ ሲንኳኩ ለእኔ ብቻ ይሰማኛል።

ከታላቅ እህቴ ጋር ከተዘጋጋን ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሆነን። እማዬ ስምንት ወር አልጋ ላይ ነበረች። ያስታመምኳት እኔ ነኝ። ሌሊት የማገላብጣት፣ መድኃኒቷን በሰዓቱ የምሰጣት፣ ፀጉሯን የማበጥርላት እኔ። እህቴ በስምንት ወር ውስጥ የመጣችው አራት ጊዜ ነው። በቀብሩ ቀን ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት ስታለቅስ አየኋት። «አሁን ማልቀስሽ ምን ሊጠቅማት? በናፍቆትሽ ነው የሞተችው» አልኳት። ድምፄን ዝቅ አላደረግኩም። እሷ ምንም አልመለሰችም። ፊቷን በእጇ ሸፍና ወጣች።

ሁለት ዓመት ሙሉ የተበደልኩት እኔ ነኝ ብዬ ኖርኩ። ኑዛዜ ስገባ እንኳ የምለው «እህቴን ይቅር ማለት አቃተኝ» ነው። ዛሬ ግን አንድ ቃል ይዞ አልለቀኝም፤ «በአንተ ላይ» የሚለው። ወንጌሉ «አንተ በወንድምህ ላይ ቅሬታ ካለህ» አይልም። ወንድምህ በአንተ ላይ ነው የሚለው።

ትቼ አልሄድኩም። ኅብስቱን ለካህኑ ሰጥቼ ወደ ቦታዬ ተመለስኩ። ቅዱስ ቁርባን ግን አልተቀበልኩም። ልክ ነበርኩ? አሁንስ ምን ላድርግ?

---

የማለዳ ሰዓት — ዓርብ፣ ከምሽቱ 3፡05

አይዞሽ እህቴ። ለጊዜው ምክር የለኝም። ጽሑፍሽን ሁለቴ አነበብኩት፤ ዛሬ ማታ በጸሎቴ አንቺንም እህትሽንም አስባለሁ። እማዬንም ነፍሷን ይማርልሽ።

---

ቀለም ቀንድ — ዓርብ፣ ከምሽቱ 4፡20

ያ ቃል የያዘሽ ያለምክንያት አይደለም። እኔም አንድ ጊዜ እዚያው ላይ ቆሜ ቀርቻለሁ። ከማርቆስ 11፡25 ጋር ጎን ለጎን አድርገሽ እዪው። እዚያ ጌታ «ለጸሎትም በቆማችሁ ጊዜ ... በማንም ላይ አንዳች ቢኖርባችሁ ይቅር በሉ» ይላል። ሁለቱ የተለያየ ነገር ነው የሚያዙት።

ቅሬታው የአንቺ ከሆነ፣ ይቅር የምትዪው እዚያው በቆምሽበት ነው። መንገድ መሄድ አያስፈልግም፣ ሰውየው መኖሩም አያስፈልግም። ቅሬታው የሌላው ሰው ከሆነ ግን መቆም አይበቃም። «ሂድ» ነው የሚለው። ብዙዎቻችን የምናደርገው የተገላቢጦሹን ነው። የበደሉን ሰዎች መጥተው ይቅርታ እንዲጠይቁን እንጠብቃለን፤ የበደልናቸውን ደግሞ በጸሎት ብቻ ልንጨርሰው እንሞክራለን።

ሌላም ነገር አለ። ይህን ቃል መጀመሪያ የሰሙት ሰዎች ገሊላ ነበሩ። መሠዊያው ያለው ኢየሩሳሌም ነው። ከገሊላ ኢየሩሳሌም በእግር ሦስት ቀን ያህል ያስኬዳል። እንግዲህ ሰውየው ሦስት ቀን ተጉዞ፣ መሥዋዕቱን ይዞ መሠዊያው ፊት ደርሶ፣ ወንድሙ ትዝ ሲለው ትቶት ተመለስ ተባለ ማለት ነው። ሦስት ቀን መመለስ፣ ታርቆ እንደገና ሦስት ቀን መምጣት። ሰሚዎቹ ደንግጠው መሆን አለበት።

የመጀመሪያዎቹ ክርስቲያኖች ደግሞ ቃሉን እንደ ምሳሌ ብቻ አልወሰዱትም። ዲዳኬ የሚባለው እጅግ ጥንታዊ የቤተ ክርስቲያን ጽሑፍ በምዕራፍ 14 ላይ ከባልንጀራው ጋር የተጣላ ሰው እስኪታረቅ ድረስ ከጉባኤው ጋር እንዳይቀላቀል ያዛል፤ መሥዋዕታችሁ እንዳይረክስ ብሎ። በ2ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ቅዱስ ዮስጢኖስ ሰማዕት ከጥምቀት በኋላ ያለውን የቁርባን ጉባኤ ሲገልጽ ምእመናን በሰላም ከተሳሳሙ በኋላ ነው ኅብስቱና ጽዋው የሚቀርበው። የምሥራቅ ሥርዓቶች እስከ ዛሬ የሰላም ሰላምታውን ከመሥዋዕቱ ጸሎት በፊት ያደርጋሉ። የሮም ሥርዓት ከአባታችን ሆይ በኋላ፣ ከቁርባኑ በፊት አድርጎታል፤ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ቀዳማዊ ኢኖሰንት በ416 እ.ኤ.አ. በጻፉት ደብዳቤ የሮምን ልማድ ሲከላከሉ እናያለን። ቦታው ይለያይ እንጂ ነገሩ አንድ ነው። ሰላም ሳይባባሉ ወደ ማዕዱ አይቀረብም።

እኛ ዛሬ አጠገባችን ላለ ለማናውቀው ሰው እጃችንን እንሰጣለን። እሱ ቀላል ነው። ሰላምታው የሚጠይቀን ግን እዚያ የሌለውን ሰው ይመስለኛል።

---

መቅረዝ — ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ 1፡10

ይቅርታ አድርጉልኝና እኔ በዚህ አልስማማም። ስምንት ወር ያስታመመችው እሷ ናት። ጥፋቱ መጀመሪያ የማን ነው? እህት ተብላ አራት ጊዜ ብቅ ያለችው አይደለችም እንዴ? ሁልጊዜ የደከመውን ሰው «አንተው ሂድ፣ አንተው ለምን» ማለት ፍትሕ አይመስለኝም። ይህን የምለው ከልቤ ነው፤ እኔም ቤት ውስጥ ሸክሙን የተሸከምኩ ሰው ነኝ።

---

የጡረታ መምህር — ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ 3፡00

ልጄ መቅረዝ፣ ያልከው ነገር ከባድ ነው። በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። እኔም ለብዙ ዓመት እንደዚሁ አስብ ነበር።

ማቴዎስ 18 ላይ ያለውን የባለ ዕዳውን ባሪያ ምሳሌ ታስታውሳለህ። ንጉሡ እልፍ መክሊት ማረው፤ እሱ ግን መቶ ዲናር ያለበትን ባልንጀራውን አንቆ ያዘ። ስብከት ላይ ብዙ ጊዜ መቶ ዲናሩን እንደ ሳንቲም ሲያቃልሉት እሰማለሁ። አይደለም። አንድ ዲናር የአንድ ቀን ሠራተኛ ደመወዝ ነው፤ ማቴዎስ 20 ላይ የወይኑ ቦታ ሠራተኞች የተስማሙት በቀን አንድ ዲናር ነው። መቶ ዲናር ማለት እንግዲህ ከሦስት ወር በላይ የተለፋበት ነው። ሦስት ወር ደመወዝህን የበላብህን ሰው እስቲ አስበው። ያማል። ጌታ ሕመሙን አላቃለለውም። የቀረችብህን ሌሊት፣ የደከመ ወገብህን ያውቀዋል።

አሁን ደግሞ ሌላውን ቁጥር እይ። አንድ መክሊት 6,000 ዲናር ነው። እልፍ መክሊት 60 ሚሊዮን ዲናር ይሆናል። አንድ ሰው በየቀኑ ያለዕረፍት ቢሠራ ያን ለመክፈል ከ160 ሺህ ዓመት በላይ ይፈጅበታል። ባሪያው ግን ንጉሡን «ታገሠኝ፥ ሁሉንም እከፍልሃለሁ» አለው። ያን የሚከፍል ሰው የለም። ኋላ ባልንጀራውም ያንኑ ልመና ለመነው። የእሱ ግን የሚከፈል ነበር። በትዕግሥት ቢጠብቀው ይከፍለው ነበር።

እኔ ይህን ቁጥር ጥቁር ሰሌዳ ላይ ለተማሪዎች ስጽፍ ነው የገባኝ። ጠመኔውን እንደያዝኩ ወንድሜን አሰብኩት። ያለብኝን ዕዳ የማላውቀው ስለማልቆጥረው ነበር። የእሱን ግን ከነቀኑ እቆጥረው ነበር።

---

መቅረዝ — ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ 3፡25

ጋሼ፣ አመሰግናለሁ። ላስብበት።

---

ካህን በአገልግሎት — ቅዳሜ፣ ቀን 7፡30

ሁለተኛዋ ልጅ፣ ጥያቄሽን ሳልመልስ መዋል አልፈለግኩም።

ስለ ቁርባኑ ላስቀድም። ቤተ ክርስቲያን የምታስተምረው ከባድ ኃጢአት እንዳለበት ኅሊናው የሚነግረው ሰው ከመቁረቡ በፊት በምሥጢረ ንስሐ እንዲታረቅ ነው (የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስ፣ ቁ. 1385)። ሰዎች የተቀያየሙ ሁሉ በከባድ ኃጢአት ውስጥ ናቸው ማለት አይደለም። አንዳንዱ ቅያሜ ቁስል ነው፣ አንዳንዱ ጥላቻ ነው። የአንቺን እኔ ከዚህ ሆኜ አልፈርድም። ትናንት ልብሽ ወቅሶሽ በመቆጠብሽ አልወቅስሽም፤ እዚያው ቆመሽ እንዳትቀሪ ግን አደራ። የጌታ ቃል «ትተህ ሂድ» ብሎ አያበቃም፤ «በኋላም መጥተህ መባህን አቅርብ» ይላል። መምጣቱም ትእዛዝ ነው።

ኑዛዜ ግቢ። በዚህ ጊዜ ግን የምትዪው ሌላ ይሁን። «እህቴን ይቅር ማለት አቃተኝ» ሳይሆን «በእናታችን ቀብር ላይ እህቴን በሰው ፊት በቃል ወጋኋት» በዪ። ያደረግሽውን በስሙ ጥሪው። ብዙ ሰው ኑዛዜ ላይ ስሜቱን ይናዘዛል፤ ሥራውን ግን ይዘላል። ስሜት ኃጢአት ላይሆን ይችላል። የተናገርሽው ቃል ግን ጆሮ ውስጥ ገብቷል፣ እስከ ዛሬም ሳይወጣ ይሆናል።

ከዚያ ወደ እህትሽ ሂጂ። በስልክም ይሁን በአካል። ምን እንደምትዪ ላዝዝሽ አልችልም።

---

ዝምተኛዋ — ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 2፡00

ይህን ክር ከትናንት ጀምሮ እያነበብኩ እየተጨነቅኩ ነው። እኔን የጎዳኝ አባቴ ነው። ይመታን ነበር፤ እናቴን፣ እኔን፣ ታናሽ ወንድሜን። ዛሬ የምኖረው ከእሱ ርቄ ነው፤ የት እንዳለሁም አያውቅም። «ሂድ ታረቅ» የሚለውን ባነበብኩ ቁጥር ሰውነቴ ይቀዘቅዛል። እሱም በእኔ ላይ ቅሬታ አለው እኮ። ጥለሽኝ ሄድሽ ነው የሚለው። ታዲያ እኔም ልሂድ? አባ፣ እባክዎ ይመልሱልኝ።

---

ካህን በአገልግሎት — ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 2፡25

ልጄ፣ አትሂጂ።

በቅድሚያ ይህን ልበልሽ ብዬ ነው በአጭሩ የጀመርኩት። ሕይወትሽን ወደሚያሰጋ ቤት እንድትመለሺ ወንጌል አያዝሽም። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ በ2016 እ.ኤ.አ. ስለ ቤተሰብ በጻፉት ሐዋርያዊ ምክር (ቁ. 241) ደካማው ወገን ወይም ልጆች በግፍና በጥቃት ሲጎዱ መለየት አንዳንድ ጊዜ የማይቀር እንደሆነ፣ እንዲያውም በሥነ ምግባር አስፈላጊ ሊሆን እንደሚችል ተናግረዋል። ያ የተባለው ስለ ባለትዳሮች ነው፤ ምክንያቱ ግን ለአንቺም ይሠራል። አንቺ አልበደልሽውም። ራስሽን ነው ያዳንሽው። «ጥለሽኝ ሄድሽ» ማለቱ አንቺን በዳይ አያደርግሽም።

ይቅርታና እርቅ አንድ አይደሉም። ይቅርታ አንድ ሰው ብቻውን ከእግዚአብሔር ጋር ሊጀምረው ይችላል፤ ዓመታትም ሊፈጅ ይችላል። እርቅ ሁለት ሰው ይፈልጋል፤ ከበደለው በኩል ደግሞ እውነትንና ለውጥን ይጠይቃል። ትምህርተ ክርስቶሱ ቁ. 2843 ላይ በጣም የምወደው ነገር አለ። በደሉን እንዳይሰማን ማድረግ ወይም መርሳት በእጃችን አይደለም ይላል። ይህን ቤተ ክርስቲያን ራሷ ናት የምትለው። ልብ ለመንፈስ ቅዱስ ራሱን ሲሰጥ ግን ቁስሉ ወደ ርኅራኄ፣ ሕመሙም ስለ በዳዩ ወደሚደረግ ምልጃ ይለወጣል ይላል። አንድ ቀን «ጌታ ሆይ፣ ለእሱም እዘንለት» ማለት ከቻልሽ፣ እዚያው ክፍልሽ ሆነሽ ትልቅ መንገድ ሄደሻል። ዛሬ ካልቻልሽ ደግሞ ዛሬ አትችዪም። እግዚአብሔር ያውቃል።

---

ቀለም ቀንድ — ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 3፡40

አባ ያሉትን የሚደግፍ አንድ ታሪክ ልጨምር። ያዕቆብና ዔሳው።

ያዕቆብ ወንድሙን ያታለለ ሰው ነው። ሃያ ዓመት በላባ ቤት ኖሮ ሲመለስ ፈርቷል። ዘፍጥረት 33 ላይ ሰባት ጊዜ ወደ ምድር እየሰገደ ወደ ወንድሙ ይቀርባል፤ ዔሳው ሮጦ ያቅፈዋል፣ ይላቀሳሉ። ያዕቆብ «ፊትህን ማየቴ የእግዚአብሔርን ፊት እንደማየት ነው» ይለዋል። እዚህ ድረስ ሁላችንም እናውቀዋለን።

ከዚያ በኋላ የሚሆነውን ግን እንዘለዋለን። ዔሳው አብረን እንሂድ ይላል። ያዕቆብ ልጆቹ ደካሞች እንደሆኑ፣ ከብቶቹም የሚያጠቡ እንደሆኑ ነግሮ «ቀስ ብዬ ሴይር እመጣለሁ» ይላል። አልሄደም። ወደ ሱኮት ሄዶ እዚያ ቤት ሠራ። ወንድማማቾቹ ታርቀው ተለያይተው ኖሩ። መጽሐፍ ቅዱስ በዚህ አይወቅሳቸውም። እንደገና አብረው የምናያቸው ምዕራፍ 35 መጨረሻ ላይ ነው፤ ይስሐቅን ሲቀብሩ። «ልጆቹም ዔሳውና ያዕቆብ ቀበሩት» ይላል።

ዝምተኛዋ፣ እርቅ ሁልጊዜ አንድ ቤት መግባት እንዳልሆነ ለማለት ነው። ሁለተኛዋ ልጅ፣ ለአንቺ ደግሞ ያ የመጨረሻው ቁጥር ነው የታወሰኝ። በወላጃቸው መቃብር ላይ ሁለት ልጆች ጎን ለጎን የቆሙበት።

---

ዝምተኛዋ — ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 4፡15

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አለቀስኩ፣ ግን ቀለል አለኝ። ዛሬ እተኛለሁ።

---

የማለዳ ሰዓት — እሑድ፣ ከጠዋቱ 12፡30

ትናንት ዝም ያልኩት የምለው አጥቼ ነበር። ዛሬ ጠዋት ቃሉን እያነበብኩ አንድ ነገር መጣልኝ።

በ12ኛው ክፍለ ዘመን ጒይጎ የሚባል የካርቱሲያን መነኩሴ ቅዱሱን ንባብ በአራት ደረጃ ከፍሎታል፤ ማንበብ፣ ማሰላሰል፣ መጸለይ፣ በእግዚአብሔር ፊት ዝም ብሎ መቆየት። በምግብ ይመስለዋል። ማንበብ ምግቡን አፍ ውስጥ ያስገባል፣ ማሰላሰል ያኝከዋል፣ ጸሎት ጣዕሙን ያወጣል፣ የመጨረሻው ራሱ ጣፋጭነቱ ነው።

እኔ ለዓመታት ሳላኝክ የምውጥ ሰው ነበርኩ። በቀን ሦስት ምዕራፍ አነባለሁ፤ ማታ ምን አነበብክ ብትሉኝ አላውቀውም። አሁን አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃኛል። ጮክ ብዬ አነባዋለሁ፣ የያዘኝ ቃል ላይ እቆማለሁ፣ ወረቀት ላይ እጽፈውና ኪሴ ውስጥ እከተዋለሁ። ቀን ላይ እጄ ሲነካው አስታውሰዋለሁ። ሁለተኛዋ ልጅ፣ አንቺ ይህን ሳታስቢው አድርገሽዋል። «በአንተ ላይ» የሚለው ቃል ጥርስሽ ውስጥ ነው ያለው። እንዳትተፊው።

---

ሁለተኛዋ ልጅ — እሑድ፣ ከምሽቱ 1፡50

ሁላችሁንም አነበብኩ። ዝምተኛዋ፣ አንቺን እህቴ ብዬ እጠራሻለሁ፤ ስለጻፍሽ አመሰግናለሁ።

ትናንት ማታ ኑዛዜ ገባሁ። አባ እንዳሉት ያደረግኩትን በስሙ ተናገርኩ። ቃሉን ራሱን፣ «በናፍቆትሽ ነው የሞተችው» ያልኩትን፣ ጮክ ብዬ ስደግመው ምን ያህል አስቀያሚ እንደሆነ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማሁት። ዛሬ ቆረብኩ። የዛሬው ወንጌል ጌታ በተራራው ላይ መልኩ የተለወጠበት ነው። ጴጥሮስ እዚያው ድንኳን ሠርተን እንቅር አለ። እኔም ከቁርባኑ በኋላ እዚያው ብቀር ደስ ይለኝ ነበር። ግን ወረዱ።

ቤት ገብቼ መልእክት ጻፍኩላት። እስካሁን አልላክሁትም። እንዲህ ይላል፤

«እንደምን አለሽ። ብዙ ጊዜ ሆነን። በእማዬ ቀብር ላይ ያልኩሽ ነገር ልክ አልነበረም። ይቅርታ አድርጊልኝ። ግን እኔም በጣም ደክሞኝ ነበር፤ አንቺም ብዙ ጊዜ ብትመጪ ኖሮ እንዲህ አልልም ነበር።»

ምን ትላላችሁ?

---

የጡረታ መምህር — እሑድ፣ ከምሽቱ 2፡10

ልጄ፣ እስከ «ይቅርታ አድርጊልኝ» ድረስ ያለውን ላኪው። «ግን» የሚለውን ቃልና ከእሱ በኋላ ያለውን ሁሉ አጥፊው።

ድካምሽ ውሸት ስለሆነ አይደለም። እውነት ነው፣ አንድ ቀንም ልትነግሪያት ይገባል። ዛሬ ግን የሄድሽው ስለ እሷ ቅሬታ ነው። ሉቃስ 15 ላይ የጠፋው ልጅ ለአባቱ የሚለውን ተለማምዶ ነው የሚመጣው። «በሰማይና በፊትህ በደልሁ» ይላል። ውስጡ «ግን» የለበትም። ራብ ነበር፣ ጓደኞቼ አሳሳቱኝ አላለም።

እኔ ለወንድሜ በጻፍኩት የመጀመሪያ ደብዳቤ ውስጥ ሦስት «ግን» ነበረበት። መልስ አላገኘሁም። ሁለተኛውን ከአራት ዓመት በኋላ ጻፍኩ፤ አራት ዓመት ያጣሁት በዚያ ቃል ነው።

---

መቅረዝ — እሑድ፣ ከምሽቱ 2፡40

በዚህ ላይ ከጋሼ ጋር ነኝ። አስቤበታለሁ።

አንድ ሰው ትዝ አለኝ። ቅድስት ማርያ ጎሬቲን ሁላችንም እናውቃታለን፤ በ1902 እ.ኤ.አ. በ11 ዓመቷ የተገደለችው፣ ሳትሞት በፊት ገዳይዋን ይቅር ያለችው። ሁልጊዜ ስለ እሷ ነው የምናወራው። ገዳይዋን አሌሳንድሮ ሴሬኔሊን ግን ማንም አያነሣውም። 30 ዓመት ተፈርዶበት 27ቱን ታሰረ። ሲፈታ የማርያን እናት ፈልጎ ሄዶ ይቅርታ ጠየቀ። እናትየውም ይቅር አለችው፤ በአንድ ቅዳሴም አብረው ቆረቡ። እናትየው በ1950 እ.ኤ.አ. የልጇ ቅድስና ሲታወጅ በሕይወት ኖራ አይታለች።

ይቅር ማለት ከባድ ነው። ያን በር ማንኳኳትስ? በሩ ፊት ቆሞ እጁን ያነሣበትን ደቂቃ ዛሬ ቀኑን ሙሉ ሳስበው ዋልኩ። ዝምተኛዋ፣ ይህን የምጽፈው ለአንቺ አይደለም፤ በአንቺ ታሪክ ውስጥ ማንኳኳት ያለበት አባትሽ ነው፤ መክፈት አለመክፈቱም የአንቺ ነው። ሁለተኛዋ ልጅ ግን በሩ ፊት ቆማለች። እኔም ቆሜያለሁ መሰለኝ።

---

ሁለተኛዋ ልጅ — እሑድ፣ ከምሽቱ 3፡05

ላክሁት። ያለ «ግን»።

---

ሁለተኛዋ ልጅ — ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1፡20

ሦስት ቀን ሆነው። አንብባዋለች፤ ምልክቱ ይታየኛል። መልስ የለም።

---

ካህን በአገልግሎት — ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2፡00

እሷን አታጣድፊያት። አንቺ ሁለት ዓመት ከአራት ወር ወስዶብሻል። የጠየቅሽው ይቅርታ ስጦታ ነው፤ ስጦታ ደግሞ በቀጠሮ አይጠየቅም። ሁለተኛ መልእክት አትላኪ። ጸልዪላት፣ በስሟ።

---

ሁለተኛዋ ልጅ — ዓርብ፣ ከምሽቱ 2፡30

ዛሬ ቅዳሴ ላይ የመጀመሪያው ንባብ ዮሴፍ በወንድሞቹ የተሸጠበት ነበር፤ ዘፍጥረት 37። «በሰላም ይናገሩት ዘንድም አልቻሉም» የሚል አለበት። በሰላም መናገር አለመቻል። ይኸው ነው የእኛ ነገር ብዬ ወጣሁ።

ከቤተ ክርስቲያን ስወጣ ስልኬን ከፈትኩት። ከእህቴ አንድ መስመር ነበር።

«የእማዬ መቁጠሪያ እኔ ጋ ነው። ትፈልጊዋለሽ?»

ሌላ ምንም የለም። ይቅር ብዬሻለሁ አላለችም። ምን ብዬ ልመልስላት? መንገድ ላይ ቆሜ አራት ጊዜ አነበብኩት።

---

የማለዳ ሰዓት — ዓርብ፣ ከምሽቱ 2፡34

አትጻፊ። ደውዪላት። አሁን።

---

ቀለም ቀንድ — ዓርብ፣ ከምሽቱ 2፡50

አዎ፣ ደውዪ። ከመደወልሽ በፊት አንድ ነገር ብቻ። የነገው ወንጌል ጋሼ ያነሡት ነው፤ የጠፋው ልጅ፣ ሉቃስ 15። ታላቁ ወንድም እርሻ ላይ ሲሠራ ውሎ፣ ዓመታት ሲያገለግል ኖሮ ተቆጣ። ድካሙ እውነት ነበር። አባቱን ሲያናግር ግን «ወንድሜ» አላለም። «ይህ ልጅህ» ነው ያለው። አባትየው ሲመልስለት «ይህ ወንድምህ» ብሎ ቃሉን ያስተካክልለታል። ስትደውዪ በዝምድናዋ ጥሪያት።

---

ሁለተኛዋ ልጅ — ዓርብ፣ ከሌሊቱ 5፡40

ቀለም ቀንድ፣ ይህን በምን አወቅህ? እማዬ ታማ ሳለች ማታ ማታ «ያቺ ልጅሽ ዛሬም አልደወለችም» እላት ነበር። እማዬ ዓይኗን ጨፍና «እህትሽ ትደውላለች» ትለኝ ነበር። ሁልጊዜ እንደዚያ ነበር የምትመልስልኝ። ዛሬ ነው የገባኝ።

ደወልኩ። «እህቴ» አልኳት። ብዙ ዝም ተባባልን። ትንፋሿ ይሰማኝ ነበር። ከዚያ «ያልሽው ነገር አሁንም ያመኛል» አለችኝ። «አውቃለሁ» አልኳት። «ለምን እንደማልመጣ ጠይቀሽኝ አታውቂም» አለችኝ። እውነት ነው፣ ጠይቄያት አላውቅም። ጠየቅኳት። የነገረችኝን እዚህ አልጽፈውም፤ የእሷ ነው። ግን እኔ የማላውቀው ሕመም ነበራት።

ነገ ከሰዓት በኋላ ትመጣለች፣ መቁጠሪያውን ይዛ። የእማዬን ክፍል ከዚያን ቀን ወዲህ አልከፈትኩትም ነበር። አሁን መስኮቱን ከፍቼ አቧራውን እየጠረግኩ ነው።